እግር እስከ የት ነው?

ጥቅምት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን በቅድሚያ ልጨርሰው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰላምታ አይመስልም። ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ። የእጅሽን ነገር ጠበቅ አድርጌ እመርቃለሁ፤ የላክሽውን ፈረስ አይቼዋለሁና።

አራቱን ሥዕሎች ትናንት ከፖስታ ቤት ወሰድኩ። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈትኩት። ዶሮዋ ጥሩ ናት። ላሚቱም ምንም አትል። ፈረሱ ላይ ግን የኋላ እግሩ ወደ ኋላ የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ በቀስት አመልክተሽ «ጉልበት» ብለሽ ጽፈሽበታል። ጉልበት አይደለም፤ ተረከዝ ነው። የፈረስ ጉልበት እላይ ሆዱ ሥር ተሸጉጦ እንደ እኛው ወደ ፊት ነው የሚታጠፈው። ፈረስ ማለት ዕድሜ ልኩን በየእግሩ አንድ ጣት፣ ያውም በጥፍሩ ጫፍ ቆሞ የሚኖር ፍጡር ነው። ተረከዙ መሬት ነክቶ አያውቅም። ይህን ለእንስሳት ጤና ተማሪዎች ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ ሲሳሳት ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ከአንቺ ምን እንደምቀንስ አላውቅም።

እንደ ቀላል አትዪው። የሰው እግር፣ የቤት እንስሳት እግር፣ የዱር እንስሳት እግር፣ የወፎች እግር ብለን የጀመርናቸው አራቱም መጻሕፍት የሚታተሙት ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጆች ነው። ትልቅ ሰው የተሳሳተ ነገር ቢያነብ ሌላ ቦታ አይቶ ያርማል። ልጅ ግን በመጀመሪያ ያየውን ይዞ ያረጃል። ለልጅ ውሸት አይጻፍም፤ ሥዕልም ጽሑፍ ነው።

የዝሆኑም ነገር አለ። እኔ «የዝሆን እግር ክብና ወፍራም ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ አንቺ እስከ ሆዱ ድረስ አራት ምሰሶ አቆምሽልኝ። የፈለግሁት መሬት የሚረግጠውን ክፍል፣ ጥፍሮቹን፣ ከሥር ያለውን የስብ ትራስ ነበር። እግር አልኩሽ እንጂ ሱሪ ለኪለት አላልኩሽም።

እናትሽ ደህና ናት። እኔ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እንዳዘዘችው አሁን ደግሞ እኔንና ሸሚዞቼን ታዛለች። ልጄ የጫማ ፋብሪካ ንድፍ አውጪ ናት እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ኖራ፣ በልጇ እጅ የተሠራ አንድም ጫማ እንደሌላት ሰሞኑን ትዝ አላት። ጥቁር፣ ድፍን፣ በማሰሪያ የሚታሰር ነው የምትፈልገው። ወረቀት ላይ አቁሜ የሁለቱንም እግሯን ዙሪያ በእርሳስ አውጥቻለሁ። ኮረኮርከኝ እያለች ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ አስጀምራኛለች። ንድፉን አያይዣለሁ።

ፈረሱን እንደገና ሥሪው።

አጎትሽ

ኅዳር 9 ቀን

ለጋሼ፣

ደብዳቤህን ማንበብ የጀመርኩት ተቀምጬ ነው፤ ፈረሱ ጋ ስደርስ ቆሜያለሁ። አንተንም እማንም ሰላም ያውላችሁ፣ ሰላም ያሳድራችሁ። ለአንተ የደም ግፊት ደግሞ ለብቻው እጸልያለሁ፤ ግመሉን ገና አላየኸውም።

ፈረሱን ሠርቼዋለሁ። ልክ ነህ። እሑድ ከከተማው ዳር ወዳለ የፈረስ ጋጣ በአውቶቡስ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ የኋላ እግር ሳይ ቆየሁ። ጠባቂው ልገዛ የመጣሁ መስሎት ጥርሱን ሊያሳየኝ ፈለገ። ተረከዙ ይበቃኛል ስለው ራቅ ብሎ ቆመ። ተማሪዎችህ «ኮቴ» የሚል ስም ያወጡልህ ለምን እንደሆነ እዚያ ጋጣ ውስጥ ገባኝ፤ እኔም ያንን ስም ልወርስ ትንሽ ነው የቀረኝ።

የዝሆኑን ጥፋት ግን አልቀበልም። እዚህ የሚነገረው ቋንቋ ከቁርጭምጭሚት በታች ላለው አንድ ቃል፣ ከዚያ በላይ ላለው ሌላ ቃል አለው። በእኛ ግን እግር ከጭን ተነሥቶ ጣት ላይ ነው የሚያልቀው። «እግሬን አመመኝ» ያለ ሰው የቱ ጋ እንደሆነ በእጁ ካላሳየ ማን ያውቅለታል? ስለዚህ አንተ እግር ባልክ ቁጥር እኔ ከላይ እጀምራለሁ። እግር እስከ የት እንደሆነ ወስንና ጻፍልኝ፤ እንደ ውሳኔህ እሥላለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሱሪ እንዳትናገረኝ።

የእማን ንድፍ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ እግር በወረቀት እንዳየሁ አላውቅም፤ የእሷን ግን ሳልጠየቅ ከመሀል አወጣው ነበር። ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ እንደታጠፈች ናት። ግራው አሁንም ከቀኙ ትንሽ ይረዝማል። በልኳ ፎርማ አስጠርቤያለሁ፤ ጫማው የሚወጠርበት የእንጨት እግር ማለቴ ነው። ቆዳውን ራሴ ቆርጬ ራሴ ሰፍቼ በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለህ አንብበው። ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ይለቀኛል። መጻሕፍቱ ሲወጡ እንድደርስ ለሰኔ አስመዝግቤዋለሁ። እማ ደህና ካልሆነች ግን ቀኑን ማዞር እችላለሁ፤ ሁለት ጊዜ ግን አይሰጡኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ካለ አንድ መስመር ጻፍልኝ። እሷን በስልክ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የምታወራው በሰፈሩ ሱቅ ስልክ ነው፤ ባለሱቁ አጠገቧ ቆሞ ስለሚሰማ፣ ደህና ነኝ አንቺ ትበያለሽ ወይ ብላ ትዘጋዋለች። የአባዬ ጊዜ የሆነውን አልረሳሁም። እንዳልረበሽ ብላችሁ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የነገራችሁኝ። ያኔ ይቅር ብያችኋለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

የእህትህ ልጅ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እናትሽ ያዘዘችውን ምርቃት በሙሉ ብጽፈው ለላክሻት ድመት ቦታ አይተርፍም፤ አሜን በይና እንቀጥል።

የእግርን ነገር ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። አርባ አንድ ተማሪ ነው ያለኝ። እግራችሁን ንኩ አልኳቸው። ገሚሱ ጭኑን መታ፣ ሌላው ጉልበቱን ያዘ፣ ሦስቱ ብቻ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ነኩ። አንዱ ከኋላ የጎረቤቱን ነካ፤ አስወጣሁት። ሃያ ስድስት ዓመት እግር ስል የኖርኩት እያንዳንዱ የፈለገውን እየሰማ ነው ማለት ነው። በጣም ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በቋንቋው ይሁን በራሴ ገና አልለየሁም።

ስለዚህ ውሳኔው ይኸው። እግር ማለት ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ባት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ጭን። በአራቱም መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ ዝንፍ አይባልም፤ በእኔና በአንቺ ደብዳቤም እንዲሁ። ቃል በየሰው አፍ እየተለጠጠ ሥራ አይሠራም።

ድመቷ የፊት እግሯ ላይ አራት ጣት ነው ያለሽው። አምስት ነው። የኋላው አራት ነው። አምስተኛዋ ከፍ ብላ ስለምትገኝ መሬት አትነካም፤ ስለዚህ ያላየ ሰው አይቆጥራትም። አንቺ ግን ልታይ ነው የተቀመጥሽው።

አርታዒው ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ቢሮው ጠርቶኝ፣ ዳክዬዋን ቦቲ ጫማ ብናደርግላት ልጆች ይወዱታል አለኝ። የእግር መጽሐፍ ላይ እግሩን ሸፍነን ምን ልናሳይ ነው ብዬ ተነሣሁ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካላስረከባችሁ ለሰኔ አይደርስም ሲል ሰማሁት፤ በሩ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት።

ጫማው ደርሷል። ስፌቱን በማጉያ መነጽር አየሁት፤ የምነቅፈው አጣሁ፣ ይህንን ደግሞ በቀላሉ እንደማልል ታውቂያለሽ። እናትሽ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ድመት ስትዳብሰው ዋለች። ብቻ ትንሽ ጠቧታል። ምናልባት ስነድፍ እርሳሱን አዘንብዬ ይዤው ይሆናል። አዲስ ንድፍ አያይዣለሁ፤ ሰፋ አድርገሽ ሌላ ብትሠሪላት ጥሩ ነው። ማሰሪያው ባይኖረውም ይሆናል ትላለች፤ ጎንበስ ማለት ሰልችቷታል።

ስለ አባትሽ ያነሣሽውን አንብቤዋለሁ።

አጎትሽ

ጥር 18 ቀን

ለጋሼ፣

በያላችሁበት ያሰንብታችሁ። ድመቷ አምስተኛ ጣቷን አግኝታለች። ድቡም አብሮ አለ፤ እንደ ሰው ተረከዙን ሙሉ መሬት የሚያስነካ ስለሆነ በእኔ በኩል ቀላሉ እሱ ነበር። የቀረውን ገጽ በሌላ ነገር ልሙላው።

ሁለቱን ንድፎች ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ጠረጴዛ ላይ አነባበርኳቸው። ርዝመታቸው እኩል ነው። ወርዱ ግን በሁለቱም እግር ላይ የአንድ ጣት ያህል ጨምሯል። በመጀመሪያው ንድፍ በአውራ ጣቷና በሁለተኛዋ መካከል ክፍተት ነበር፤ አሁን የለም። ወደ ውስጥ ታጥፋ የነበረችው ትንሿ ጣት ተገፍታ ወደ ውጭ ወጥታለች።

እርሳሱን አዘንብዬ ይሆናል ትላለህ። ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ነው የምበላው። እርሳስ ሲዘነበል መስመሩ በአንድ በኩል ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል። ያንተ መስመር ዙሪያውን እኩል ቀጭን ነው፤ እንደ ሁልጊዜህ። አንተ እርሳስ አታዘነብልም። በሕይወትህ አዘንብለህ አታውቅም። ሌላ ሰው ቢጽፈው አምን ነበር።

እማ ለስንት ሰዓት ቆማ ነው የምትውለው? ጠዋት ነው የነደፍከው ወይስ ማታ? ጎንበስ ማለት የሰለቻት ከመቼ ጀምሮ ነው? ያቺ ሴት በአንድ ቀን ሁለት መቶ አንሶላ ስታጣጥፍ ወገቤን ብላ የማታውቅ ናት።

ሥራ ቦታ ደህና ነኝ። ቤት ስገባ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሥዕል ሰሌዳው ፊት አንድ መስመር አወጣና እነሣለሁ። ክፍሌ ከመስኮት እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከታች ያለችው አከራዬ ኮቴዬ አላስቀምጥ ብሏት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትመታለች፤ ስትመታ ለጥቂት ደቂቃ እቆማለሁ፣ ከዚያ እረሳዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ ሰው ትጠብቂያለሽ ወይስ ሰው ታሳድጃለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ደብዳቤ ነው የምጠብቀው አልኳት።

ሰፊውን ጫማ ሠርቼ እልካለሁ። ግን እኔ ከአንተ የጠየቅሁት ልክ አልነበረም።

የእህትህ ልጅ

የካቲት 21 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ደግ ደጉን ያሰማሽ። የፈተና ወረቀት ሳርም መልሱ ዘገየብሽ።

ድቡ የሚያምር ሥራ ነው። ከአራቱ መጻሕፍት አንድ ገጽ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ እሱን አሳይ ነበር። የዳክዬዋ ጉዳይ ግን ያስቆጣኛል። አራቱንም ጣቶቿን በቆዳ አያይዘሻቸዋል። በቆዳ የሚያያዙት ፊት ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የኋላዋ ለብቻዋ ትንሽ ሆና ከፍ ብላ ናት የምትገኘው። አራቱም ተያይዘው የሚታዩባቸው ወፎች አሉ፤ ዳክዬ ግን ከእነሱ አይደለችም። ኩሬ ዳር የሚኖር ልጅ ይህን መጽሐፍ ገልጦ ቢስቅብን የሚስቀው በአንቺ አይደለም፣ ስሙ ከላይ ያለው የእኔ ነው። ደግሞም ቆዳው ዋና ላይ ሲዘረጋና ሲሰበሰብ በሁለት የተለያዩ ሥዕሎች መታየት አለበት። ወደ ኋላ ስትገፋ ይዘረጋል፤ ወደ ፊት ስትመልሰው ይታጠፋል። አንቺ ሁለቱንም ዘርግተሽዋል፤ እንዲህ ከሆነ ዳክዬዋ ባለችበት ቆማ ትቀራለች። የጉጉቱን እግር ላባ እስከ ጥፍሩ ድረስ አልብሺው። የሰጎን ሁለት ጣት ልክ ነው። የእርግብ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጫማም ደርሷል። እንዲያው አሁን ድፍን ጫማ ይቅርባት መሰለኝ። ከቻልሽ ከላይ ክፍት የሆነ፣ የሚሰፋና የሚጠብ ቀበቶ ያለው ነጠላ ጫማ ላኪላት። እግሯ ትንሽ አብጧል። ሙቀቱም ዕድሜውም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቆማ የሠራች ሴት ናት። አዲስ ንድፍ አላያያዝኩም፤ የሚሆን ወረቀት ቤት ውስጥ አጣሁ።

ይህን ስጽፍ እናትሽ ከጎኔ ናት። ለልጄ ለቀጮ ጻፍልኝ ያለችው ይህ ነው፦ ስለ ዳክዬ ሲሆን ገጽ ይሞላል፣ ስለ እኔማ ምን የሚያወራው አለው፤ ደህና ነኝ፤ ሥራሽን ጨርሰሽ በሰኔ ነይ።

አጎትሽ

መጋቢት 15 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእማ።

ዳክዬዋን አርሜያለሁ። ጉጉቱን አላየሁትም፤ ይህ እስኪለይ ሌላ ሥዕል አልሠራም። ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ደርቋል፤ ይድረቅ።

ግድግዳው ሁሉ በፈተና ወረቀት የተሞላ ቤት ውስጥ እግር የሚያሳርፍ አንድ ወረቀት ጠፋ ብለህ ጽፈህልኛል። ደብዳቤውን የጻፍክበት ወረቀት ራሱ ይበቃት ነበር።

«እግሯ ትንሽ አብጧል» ትላለህ። እግር እስከ የት ነው? በታኅሣሥ ሕግ አውጥተሃል፤ በእኛ ደብዳቤም ይሠራል ብለሃል። በሕግህ ከሆነ ቁርጭምጭሚቷ ደህና ነው፣ ባቷ ደህና ነው፣ ጉልበቷም ደህና ነው ማለት ነው። እንዲህ ነው? ወይስ እንደ ቀድሞው፣ እንደ ሁላችን፣ እግር ብለህ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለህ ነው? ባቷ ድረስ ነው? ጉልበቷ ድረስ? መልስህን አንድ ቃል ይበቃዋል።

ከፋብሪካው ዋና ኃላፊ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ቀኔን ማዞር የምችለው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካሳወቅሁት ነው። ከዚያ ካለፈ የሰኔው ይጸናል። ተጨማሪ ቀን ከወሰድኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ በግልጽ ነው የነገረኝ። አንተም እንደሱ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ለልጅ ውሸት አይጻፍም ያልከኝ አንተ ነህ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሞላኝም የእሷ ልጅ ነኝ።

ቀጮ

ሚያዝያ 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይህንን በፖስታ አልልከውም። ነገ ጠዋት ወደዚያው የሚበር አንድ የክፍላችን መምህር አለ፤ ለማንም ሳይሰጥ በእጅሽ እንዲያደርስ ነግሬዋለሁ። የአክብሮት ሰላምታውን እሱ በአፉ ይጨርሰው።

ለጥያቄሽ መልሱ ጭን ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በጥቅምት ወረቀቱ ላይ ሳቆማት ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀር ነበር። እንስሳ ላይ ባየው ኖሮ ምን እንደሆነ በደቂቃ እናገር ነበር፤ እሷ ላይ ሲሆን ካልሲው አጥብቋት ነው አልኩ። በታኅሣሥ እብጠቱ የባቷ ግማሽ ደረሰ። በየካቲት፣ ያ ስለ ዳክዬ የጻፍኩልሽ ዕለት፣ ጉልበቷ ላይ ነበር። አሁን ጉልበቷን አልፏል። የምትተኛው በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ከአልጋዋ እስከ መስኮት ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሏል። እግሯ የቋጠረውን ውኃ የሚያወጣ መድኃኒት ሰጥቷት እብጠቱ ለአንድ ሳምንት ጎደለ፣ ተመልሶ መጣ። ሆስፒታል ተኚ ሲላት፣ አንሶላውን ማን እንደሚያጥበው ስለማውቅ አልተኛም አለችው። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ውጭ አስወጥቼው ምን ያህል ጊዜ አላት አልኩት። ቀን አልቆርጥም አለኝ። እስከ ሰኔስ አልኩት። ዝም አለ። በእሱ ዝምታ ተናድጄ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩበት፤ እኔ ግን ለአንቺ ስድስት ወር ዝም ብያለሁ።

እሷ አስምላኛለች። ልጄ ሥራዋን ታጣለች፣ መጽሐፉም ይቀራል፣ አትንገራት ብላ እጄን ይዛ ነው ያስማለችኝ። ይህ እውነት ነው፤ ምክንያት ግን አይሆነኝም። የአባትሽ ጊዜም እንዲህ ብዬ ነበር። ያኔ የማይረባ ደግነት ነበር ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ሳየው ደግነት አልነበረም። አንቺ በስልክ ስታለቅሺ ላለመስማት ነበር። እርሳሱ አልተዘነበለም። ወረቀትም ሞልቷል። ስለ ድመት አምስተኛ ጣት የተቆጣሁበት ቁጣ ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ላለመጻፍ ነበር።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። ብቻዬን አንብቤ ኪሴ ከትቼው ምሳ ሰዓት ድረስ ዞርኩ። ከዚያ አላስችል ሲለኝ ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ከሰላምታው እስከ ስምሽ። «እግር እስከ የት ነው» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበችና፣ «እንግዲህ ሜትሩን አምጣና ለካ፤ ልኩን ጻፍላት» አለችኝ።

ለካሁ። ቁጥሮቹን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሁለቱም እግሮች። እግር ስል ሁሉንም ማለቴ ነው።

አርታዒውን ዛሬ ጠዋት አነጋግሬዋለሁ። ለሰኔ አንደርስም አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ እንዳሰብኩት አላጉረመረመም። ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን አለ። ሳይሆን ቢቀርም ቅር አይለኝም። ጉጉቱን አትሥሪው።

ከዚህ በታች ያለው የእናትሽ ነው። እየተናገረች እየጻፍኩ ነው፤ አንድም ቃል እንዳልነካ ፊቴን እያየች ነው።

ቀጮዬ፣ ይኸው ወንድሜ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ፊቱን ብታዪው ፈተና የወደቀ ነው የሚመስለው። አትቆጪው፤ ቁጣውን እኔ ጨርሼለታለሁ። የመጀመሪያው ጫማ ጠበበኝ እንጂ እንዴት ያምራል መሰለሽ፤ ጎረቤት ሲመጣ ከአልጋ ሥር አወጣና አሳያለሁ፣ ለምን አታደርጊውም ሲሉኝ እንዳይቆሽሽ ነው እላለሁ። ይኸውልሽ እኔም ውሸታም ሆኛለሁ በስተርጅና። በሰኔ ነይ ያልኩሽ ሥራሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። እሱ ብቻም አይደለም። አንቺ የምታውቂኝ ቆሜ ነው። ስትመጪ ተቀምጬ ልቀበልሽ አፈርኩ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ አንሶላውን ስለውጥለት ያፍር ነበር፤ እኔ ምን ታፍራለህ እለው ነበር፤ አሁን ለእኔ ማን ይበለኝ። ወንድሜ እዚህ ጋ ሊያርመኝ ነበር፤ ተወው ብዬዋለሁ። ቀጮ፣ ስፌቱን ለሌላ ሰው ስጪና ነይ። ብዙ ዕቃ አትያዥ። በሩ ላይ ስትደርሺ ባታለቅሺ ደስ ይለኛል፤ ብታለቅሺም ግድ የለም። ብቻ ቶሎ ነይ። ሰኔ ሩቅ ነው።